ዘይት የሚበላ አሮጌ ሞተር ይውረድ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ «የ1990 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። ሞተሩ 1.3 ሊትር፣ ባለ ካርቡሬተር ነው፤ ቆጣሪው 340,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ቤቴ አራት ኪሎ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ስለሆነ መኪናው ከመሀል ከተማ አይወጣም። ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ አደርጋለሁ፤ በመካከሉ አንድ ሊትር ያህል ዘይት እጨምራለሁ። መንገድ ሲዘጋጋ የሙቀት መርፌው ከፍ ይልና መኪናው መሄድ ሲጀምር ይወርዳል፤ ዳገት ላይም ደክሟል። መካኒኬ ቴርሞስታቱን አውጥቶታል፣ ወፍራም ዘይት እንድጠቀምም መክሮኛል። አሁን ደግሞ ሞተሩ ወርዶ ፋሻ ይቀየር እያለ ነው። ላውርደው ወይስ ያገለገለ ሞተር ልግዛ?»

መልስ፦ አሁን ባለው ሁኔታ ሁለቱንም አያድርጉ። የጠዋት ጭስ፣ የዘይት ፍጆታ፣ በመንገድ መጨናነቅ የሚመጣ ሙቀትና የዳገት ድካም አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በጋራዡ ግን «ሞተሩ አልቋል» በሚል አንድ ፍርድ ተጠቃለዋል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መነሻ አላቸው፤ አብዛኞቹም ሞተሩ ከቦታው ሳይነሣ የሚስተካከሉ ናቸው። ከአራቱ አስቸኳዩ እርስዎ ሦስተኛ አድርገው የጠቀሱት ሙቀቱ ነው፤ ጥንቃቄ ካልተደረገበት ዛሬ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለን ሞተር በአንድ ቀን ከሰዓት በእርግጥ የሚወርድ ሊያደርገው ይችላል።

በመጀመሪያ የዘይቱ ሒሳብ ይስተካከል። በ5,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ማለት በ1,000 ኪሎ ሜትር 0.2 ሊትር ነው። ቶዮታን ጨምሮ ብዙ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ፍጆታን ከሚፈቀደው ወሰን ውስጥ ያስገቡታል። ይህ ወሰን ለእኔ በጣም የሰፋ ነው፤ ፍጆታው ግማሽ ሊትር ሲያልፍ ምክንያቱ መመርመር አለበት ብዬ አምናለሁ። የእርስዎ ሞተር ግን ከዚያም በታች ነው፤ ይህን ያህል ለተሠራበት ሞተር ይህ ፍጆታ የሚያስደነግጥ አይደለም። አሮጌ ሞተርን የሚገድለው ዘይት መብላቱ ሳይሆን፣ የበላው ሳይተካለት ደረጃው ከታችኛው ምልክት ወርዶ ሳይታወቅ መነዳቱ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ የዘይት መለኪያው ይታይ። ደልዳላ ቦታ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪና የዘይት መለኪያው የሚያሳየው ትክክለኛውን መጠን አይደለም፤ በዚያ ንባብ ተመርቶ ከላይኛው ምልክት በላይ መሙላት ደግሞ ዘይቱ እንዲያረፋና ማኅተሞቹን ገፍቶ እንዲያፈስ ያደርጋል።

ጭሱ መቼ እንደሚወጣ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ፣ በቫልቮቹ ግንድ ላይ የሚቀመጡት ትናንሽ የጎማ ማኅተሞች፣ መካኒኮች ቫልቭ ሲል የሚሏቸው፣ በዕድሜና በሙቀት ብዛት መድረቃቸውን ያመለክታል። ሌሊቱን ከቴስታታው (ቫልቮቹ ካሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጠብ ጠብ እያለ የወረደው ዘይት በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይቃጠልና ጭሱ ይጠፋል። ፋሻው፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት፣ ያለቀ ሞተር ግን ጭሱ በጠዋት ብቻ አይወሰንም፤ ሞተሩ ሸክም በተሸከመ ቁጥር፣ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ይከተላል። ሁለቱን ለመለየት መሀል አዲስ አበባ የተመቸ ቦታ አለ። እሑድ በማለዳ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የቸርችል ጎዳናን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ እግርዎን ከነዳጅ ላይ አንሥተው ይውረዱ፤ ከኋላ በሌላ መኪና የሚከተልና ማርሚታውን የሚመለከት ሰው ይኑር። ታች ደርሰው ነዳጅ ሲሰጡ ቡፍ የሚል ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ከጠፋ፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ በሞተሩ ውስጥ የተፈጠረው አየር የመሳብ ኃይል (ቫኪዩም) በቫልቮቹ በኩል ዘይት ወደ ውስጥ ጎትቷል ማለት ነው። ያንኑ ዳገት ወደ ፒያሳ ሲወጡ ጭሱ ሳያቋርጥ ከኋላዎ ከተከተለ ግን ጥርጣሬው ወደ ፋሻና ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይዞራል።

ቫልቭ ሲል ለመቀየር ሞተር አይወርድም፤ ልምድ ያለው ባለሙያ ቴስታታውን እንኳ ሳያወርድ ሊሠራው ይችላል። በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይላካል፤ አየሩ ቫልቮቹን ከታች ደግፎ ሲይዛቸው ስፕሪንጎቹ ተፈትተው ማኅተሞቹ አንድ በአንድ ይለወጣሉ። ከዚያ በፊት ግን በጣም ርካሽ የሆነች፣ ብዙ ጊዜም የምትረሳ አንዲት ዕቃ ትታይ፤ እርሷም ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣውን ትንፋሽ ወደ አየር መግቢያው የምትመልሰው ፒሲቪ ቫልቭ ናት። በአሮጌ ዘይት ጥቀርሻ ስትደፈን ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ ግፊቱም ዘይቱን ወደ ማቃጠያው ክፍልና በየማኅተሙ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ነቅለው ሲያንቀጠቅጧት ካልተንቋቋች ትለወጥ፤ ቱቦዋም አብሮ ይጠረግ። ዘይት ያፈስ የነበረ ሞተር ይህች ዕቃ ብቻ ተለውጣለት ማፍሰሱን የሚቀንስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ወደ ሙቀቱ እንምጣ፤ በዚህ ረገድ የከተማችን ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፎ ካዩ፣ ስፕሪንጉ ውሃውን በዚያ መጠን ግፊት አምቆ ይይዘዋል ማለት ነው፤ በዚህ ግፊት ውሃው አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ስፕሪንጉ የላላ ወይም ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ይህን ጥበቃ ያሳጣል፤ በባሕር ዳርቻ ከተማ ለጊዜው ሊያዘልቅ የሚችል ክዳን እዚህ በመጀመሪያው የመንገድ መዘጋት ውሃውን ያፈላዋል። ክዳን ከመላው ሞተር ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ያለበት አዲስ ይገዛ። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ይሻላል ብሎ መግዛት ግን አይገባም፤ ተጨማሪው ግፊት ያረጀውን የራዲያተር ቱቦ ያፈነዳዋል።

የእርስዎ መርፌ የሚወጣው መኪናው ሲቆም፣ የሚወርደው ደግሞ ሲሄድ ነው። ይህ ብቻውን ምርመራውን በግማሽ ያሳጥረዋል። መኪና ሲንቀሳቀስ አየሩ በራሱ በራዲያተሩ ውስጥ ያልፋል፤ ሲቆም ግን አየር የሚስበው ፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የኤሌክትሪክ ፋኑ፣ ፊውዙ፣ ሪሌውና የውሃውን ሙቀት አንብቦ ፋኑን የሚያስነሣው ስዊች ነው። ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ፋኑ መርፌው ከመካከል ትንሽ እንዳለፈ መነሣት አለበት፤ ካልተነሣ ወይም ተነሥቶ ጉልበት ከሌለው ችግሩ ተገኝቷል። ቀጥሎ የራዲያተሩ የፊት ገጽ ይታይ። የኮሪደር ልማቱ ሥራ በተካሄደባቸው መንገዶች ሲመላለስ የኖረ ራዲያተር በክንፎቹ መካከል አቧራና ጭቃ ጠጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ክንፎቹ እንዳይታጠፉ ዝቅ ባለ የውሃ ግፊት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይታጠብ። በተቃራኒው መርፌው የሚወጣው ረጅም ዳገት ላይ ወይም በፈጣን መንገድ ቢሆን ኖሮ፣ ጥርጣሬው ወደ ውስጡ መደፈን፣ ወደ ውሃ ፓምፑና ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ወዳለው ማሸጊያ) ይሄድ ነበር።

ቴርሞስታቱን ማውጣት በከተማችን ጋራዦች የተለመደ ቢሆንም ስህተት ነው፤ እንዲመለስ አጥብቄ እመክራለሁ። ቴርሞስታት ሞተሩን የሚያሞቅ ዕቃ አይደለም፤ ሞተሩ ወደ መሥሪያ ሙቀቱ ፈጥኖ እንዲደርስና እዚያው እንዲቆይ የሚቆጣጠር በር ነው። እርሱ ሲወጣ ሞተሩ በጠዋት ብርድ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ሜክሲኮ እስኪደርስ በአግባቡ ሳይሞቅ ይቀራል። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ አያቃጥልም፤ የተረፈው የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥብና ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ከእርጥበት ጋር ተቀላቅሎም ጥቁር ጭቃ ይሆናል። በውሃ ሙቀት የሚለቀቅ አውቶማቲክ ቾክ ያለው ካርቡሬተር ደግሞ ቾኩ ሳይከፈት ስለሚቆይ ጉዳቱ ይበረታል። ፋሻው አልቋል የተባለልዎት ሞተር ፋሻውን በፍጥነት እንዲጨርስ የሚያደርገው ይኸው ርምጃ ነው። ከዚህም በላይ በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ የሚዞርበትን መንገድ ጭምር ስለሚዘጋ፣ ማውጣቱ ሞተሩን ይበልጥ ያሞቀዋል። ለሞዴሉ የተሠራ፣ በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ተገዝቶ፣ ከመገጠሙ በፊትም በድስት ውስጥ በሚሞቅ ውሃ መከፈቱ ይፈተሽ። እዚህ ከተማ ውሃው ከ92 ዲግሪ ብዙ ስለማይዘልቅ ቴርሞስታቱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ላይታይ ይችላል፤ መክፈት መጀመሩ ይበቃል።

በራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለ ይህም ይለወጥ። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት በመሆኑ ጥበቃ የሌለው ውሃ ሁለቱን ብረቶች ይበላል፤ በተለይ የጉድጓድ ውሃ የሚተወው ነጭ ዝቃጭ ቀጫጭኖቹን መተላለፊያዎች ይደፍናል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ተቀላቅለው ይሞሉ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ፤ ለዓመታት በዝገት ተደፍኖ የቆየ ቀዳዳ ከእጥበት በኋላ ማፍሰስ ሊጀምር ይችላል። ይህ የኩላንቱ ጥፋት አይደለም፤ የነበረው ጉዳት መታየቱ ነው። ማፍሰሱን ለማስቆም ወደ ራዲያተር የሚጨመሩ ዱቄቶችና ፈሳሾችም ቀዳዳውንና ጤነኛውን ቱቦ ለይተው ስለማያውቁ ባይሞከሩ ይሻላል።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መርፌው ወደ ቀይ ሲጠጋ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይክፈቱ፤ ታምቆ የነበረው ውሃ ግፊቱ በተለቀቀ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ አይድፉ፤ ቴስታታው ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ መሙላት ይሻላል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩንባ ቢነፋም እንኳ።

የዳገት ድካሙ ከፊሉ ከሞተሩ እርጅና ጋር አይገናኝም። በዚህ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር፣ አዲሱም ጭምር፣ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እስከ ሩብ የሚሆነውን ያጣል። ካርቡሬተር ደግሞ የአየሩን መሳሳት በራሱ አያውቅም፤ ለባሕር ወለል የተሰናዳ ከሆነ እዚህ የሚሰጠው ቤንዚን ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላዎቹ ደረቅ ጥላሸት ይለብሳሉ፣ ነዳጅ ይበላል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ብዙ መካኒኮች ይህን በሚኒሞ ማስተካከያዋ ብሎን ሊፈቱት ይሞክራሉ፤ ብሎኗ ግን የምትገዛው ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ ያለውን ድብልቅ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ያለውን ድብልቅ የሚወስነው ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ) በመሆኑ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ሲታጠብ ቁጥሩ ይታይ፤ የተለቀ ከሆነም ባነሰ ይለወጥ። ከዚያ አስቀድሞ ግን የአየር ፊልትሮው፣ ካንዴላዎቹ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን፣ የእሳት ገመዶቹና የቫልቭ ክፍተቱ ይታዩ። በቫልቭ ክፍተት ላይ ሰዎች የሚፈሩት የሚንኳኳውን ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ክፍተቱ ጠብቦ ጸጥ ያለው ነው። ጥብቅ ቫልቭ በወንበሩ ላይ በደንብ ስለማይቀመጥ ሙቀቱን አያስተላልፍም፤ ያለ ድምፅ ይቃጠላል። ኦክቴን ይጨምራሉ ተብለው የሚሸጡ ፈሳሾች ደግሞ ለዚህ መኪና ጥቅም የላቸውም፤ ከፍታው ራሱ የሞተሩን የኦክቴን ፍላጎት ይቀንሰዋል።

ፋሻው አልቋል ወይስ አላለቀም የሚለውን የሚመልሰው በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት የሚያነበው የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው፤ ያለ እርሱ የሚነገር ሁሉ ግምት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የእሳቱ መስመር ተቋርጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ የነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ እያንዳንዱ ሲሊንደር ይለካ፤ አራቱም ቁጥሮች በወረቀት ይጻፉ። እዚህ ላይ የማያስፈልግ ወጪ የሚያስከትል አንድ አለመግባባት አለ። በመመሪያ መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። በባሕር ወለል 180 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ135 እስከ 145 ቢያሳይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንጂ ስላለቀ አይደለም። ይህን ከግምት ሳያስገቡ መጽሐፉንና መለኪያውን ማነጻጸር ጤነኛ ሞተር እንዲወርድ ያስፈርዳል። ስለዚህ ከቁጥሩ መጠን ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይመርመር፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከአሥር በመቶ በላይ ካልራቀ ሞተሩ በሚዛን ላይ ነው። አንዱ ብቻውን ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይለካ፤ ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ማነሱ ከፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ከቫልቩ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው። ስለ ጓርኒሲዮን ካነሣን አይቀር፣ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ጥቂት ወተት መሳይ አረፋ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአጭር መንገድ በሚመላለስና ቴርሞስታት በሌለው ሞተር ላይ ከእርጥበት የሚመጣ ነው። በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት ከመሰለ ወይም ውሃው የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ከጎደለ ግን መኪናው መነዳቱን ያቁም።

ወፍራም ዘይት የሚለው ምክር ልክ የሚሆነው እስከ ተወሰነ ደረጃ ነው። ለዚህ ዘመን ሞተር በመመሪያው ከተፈቀደ 20ደብሊው-50 ለአዲስ አበባ አየር ተስማሚ ነው፤ ጠዋት ቶሎ ለሚነሡና አጭር መንገድ ለሚነዱ ደግሞ 15ደብሊው-40 ይሻላል። ከዚያ አልፎ የክረምት ደረጃ (ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር) የሌለውን ባለ 50 ዘይት ወይም ዘይት የሚያወፍር ጭማሪ መጠቀም ጭሱን ለጊዜው ሸፍኖ ላይኛው የሞተር ክፍል በየጠዋቱ ያለ ዘይት እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል፤ በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ደግሞ የሞተር መበላት ይበረታል። ቪትዝን የመሰሉ፣ የቫልቭ ጊዜያቸውን በዘይት ግፊት የሚቆጣጠሩ ባለ ቪቪቲ-አይ ሞተሮች ያሏቸው አንባቢዎች ይህን የ20ደብሊው-50 ምክር ለራሳቸው እንዳይወስዱት አሳስባለሁ፤ የእነርሱ ሞተር ቀጭን ዘይት ይፈልጋል።

ከዘይቱ ዓይነት ይልቅ የሚለወጥበት ጊዜ ይበልጣል። 5,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 እየሄደ ለሚነዳ መኪና 83 ሰዓት ገደማ ሥራ ነው፤ በመሀል ከተማ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ግን ከ330 ሰዓት በላይ ነው። ቆጣሪው የቆመውን ጊዜ አይቆጥርም፤ ሞተሩ ግን በሜክሲኮ አደባባይ ቆሞም ይሠራል። ስለዚህ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ አንድ ላይ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየአራት ወሩ፣ በቀደመው ይለወጡ። ለዓመታት በተጠራቀመ ጭቃ ላይ የሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ መጨመር አልመክርም፤ አንድ ጊዜ የተነቀለው ጭቃ ወርዶ የዘይት ፓምፑን መሳቢያ ወንፊት ሊደፍነው ይችላል። በአጭር ጊዜ የሚለወጥ ንጹሕ ዘይት በዝግታ ያንኑ ያጸዳል። ዘይቱ ማኅተሙ ያልተነካ ቆርቆሮ ሆኖ በእርስዎ ፊት ይከፈት።

አሁን ስለ ማውረድ። «ፋሻ ብቻ እንቀይር» የሚለው ሐሳብ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። 340,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሲሊንደር ከላይ በኩል ሰፍቶና ሞላላ ሆኖ ይገኛል፤ አዲስ ክብ ፋሻ በሞላላ ግድግዳ ላይ አይገጥምም፤ በወራት ውስጥ ጭሱ ይመለሳል። ሞተር ከወረደ ሲሊንደሩ በማይክሮሜትር ተለክቶ፣ ካስፈለገ ተቆርጦ ልኩ ከፍ ያለ ፒስተን ይገባለት፤ ክራንክ ሻፍቱና የሚሽከረከርባቸው ማረፊያዎች የሆኑት ብሮንዚኖቹ፣ የዘይት ፓምፑና ቴስታታው አብረው ይሠሩ። ይህ ሙሉ ሥራ ነው፤ ወጪውም በዚያው ልክ ነው፤ ውጤቱም የሚወሰነው በተገኘው ዕቃ ጥራትና በመቁረጫ ማሽኑ ባለሙያ እጅ ነው። ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ያገለገለ ሞተርም ታሪኩ አይታወቅም፤ የሚገዛ ከሆነ ከመከፈሉ በፊት ኮምፕሬሽኑ ተለክቶ፣ የዘይት ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ ይታይ። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ለውጡን ለሚመለከተው የተሽከርካሪ መዝጋቢ አካል ሳያሳውቁ መግጠም በዓመታዊ ምርመራና በሽያጭ ጊዜ ችግር ያመጣል፤ የግዢው ሕጋዊ ደረሰኝ በእጅዎ ይኑር።

መኪናውን ሸጬ ሌላ ልግዛ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ደግሞ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ እንደ ዕድሜያቸው ማናሩን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታውሱ። በገበያው ላይ የሚያገኙት ሌላው አሮጌ መኪና የእርስዎን ያህል የሚያውቁት አይደለም፤ የቆጣሪው ቁጥርም የሚታመን አይሆንም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። በዚህ ሳምንት ፋኑ፣ የራዲያተሩ ክዳንና ቴርሞስታቱ ይስተካከሉ፤ ውሃው በኩላንት ይለወጥ። ከዚያ ፒሲቪ ቫልቩና ዘይቱ ይለወጡ፤ ካንዴላዎቹ በወጡበት አጋጣሚ ኮምፕሬሽኑ ይለካ። የታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተለወጠ በጽሑፍ ማስረጃ ከሌለዎት እንዳልተለወጠ ይቁጠሩትና ያስለውጡት፤ ሲከፈት የፊቱ ኦይል ሲሎችና የውሃ ፓምፑ አብረው ይታዩ። ካርቡሬተሩ ከዚህ በኋላ ይታጠብ፤ ሙቀቱ ያልተስተካከለ ሞተር ላይ የሚደረግ የካርቡሬተር ማስተካከያ አይጸናም። ቫልቭ ሲሉ መጨረሻ ላይ፣ ጭሱ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ይሠራ። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ የጨመሩትን ዘይት ይጻፉ።

ሞተሩ በእርግጥ መውረድ የሚኖርበት ፍጆታው በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ሲያልፍ፣ ኮምፕሬሽኑ በዘይት ሙከራው የፋሻን ማለቅ በግልጽ ሲያሳይ፣ ወይም ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሳለ የዘይት መብራቱ ብልጭ ሲልና የዘይት ደረጃው ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ነው። መብራቱን ግን ወዲያው የብሮንዚን ማለቅ ነው ብለው አይደምድሙ፤ በቅድሚያ የግፊት ስዊቹ ወጥቶ በቦታው መለኪያ ገብቶ ትክክለኛው የዘይት ግፊት ይነበብ፤ የሚዋሸው ስዊቹ ሊሆን ይችላል። ከሥር የሚመጣ ከባድ ማንኳኳት ከመብራቱ ጋር አብሮ ከተሰማ ግን ሞተሩን በዚያው ቅጽበት አጥፍተው መኪናውን አስጎትተው ይውሰዱት፤ በዚያ ሁኔታ እስከ ጋራዡ ቢነዱት ተቆርጦ ሊተርፍ ይችል የነበረው ክራንክ ሻፍት አይተርፍም።